እስከ መጨረሻው ወንበር የሚሰማ ስላይድ

ሰኞ፣ መንገድ ላይ

ሰው ድሬዳዋ የሚሄደው ለንግድ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ወይ ልብስ ሊሸምት ነው። እኔ የሄድኩት ስላይድ ልሠራ ነው። የአጎቴ ልጅ ሮማን እዚያ የስምንተኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ታስተምራለች። የእንቅርት ኦፕሬሽን ከተደረገላት ወዲህ ድምጿ ቀጥኖ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ሐሙስ ክፍሏ ገብተው መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ትምህርቷ እዚያ ድረስ ካልተሰማ ከማስተማር ወጥታ ቤተ መጻሕፍት ትመደባለች። ሮማን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ከማስተማር ሌላ ሥራ ተመኝታ አታውቅም።

«አንተ በስላይድ የታወቅህ ነህ፤ ናና በኔ ፈንታ የሚናገር ሥራልኝ» አለችኝ በስልክ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ሲነሣ የኔ ስም ይነሣል። የኔ ጽሑፎች እየተሽከረከሩ ገብተው በጭብጨባ ድምፅ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ ሲጠሩት አይቀርም።

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አዋሽ ላይ ፍርፍር በልተን፣ ጭሮ ላይ ምሳ አድርገን ስንጓዝ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እሠራ ነበር። ስለ ወንዝና ስለ አፈር መሸርሸር ከመጽሐፉ አንድ ቃል ሳላስቀር አሰፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭነው የሚመለሱ የድሬ ነጋዴ ሴት አንገታቸውን አሰግገው አዩ።

«አንተ፣ ይሄን ሁሉ የሚያነበው ማነው?»

«ተማሪዎች ናቸው፣ እናቴ።»

«አቦ፣ እዘንላቸው እንጂ!» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ክው አልኩ። ያስደነገጠኝ አስተያየቱ ይሁን «አንተ» መባሉ እስካሁን አልለየሁም። በኋላ እንደገባኝ ድሬ ላይ ባጃጅ ነጂውም፣ ሻጩም፣ ተማሪውም ሁሉን ሰው አንተና አንቺ ይላል፤ ንቀት የለበትም።

ቁልቢ ላይ ብርዱ ጃኬት አስለበሰኝ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንታጠፍ የተራቆተው ተዳፋት፣ ውሃ የቦረቦራቸው ማሳዎች ገርመውኝ በመስኮቱ ፎቶ አነሣሁ። ታች ስንደርስ ጃኬቴን ብቻ ሳይሆን ሹራቤንም አውልቄ ነበር። ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገፋኝ፤ ሰው እዚህ ውስጥ ተቀምጦ ይማራል ብዬ አላመንኩም።

ከዚራ

የሮማን ቤት ከዚራ ነው፣ ዛፎቹ መንገዱን ጥላ ያለበሱበት ሰፈር። አባቷ ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩበት ቤት ነው። በሩን ከፍታ አቀፈችኝና አፏን አንቀሳቀሰች፤ የሰማሁት ትንፋሽ ነው።

«ምን አልሽ?»

«እንኳን ደህና መጣህ ነው ያልኩህ።»

ደነገጥኩ። ስልክ ላይ ኔትወርኩን ስወቅስ ነው የከረምኩት። ይህች ልጅ እኮ በልጅነታችን ከግቢያቸው ስትጠራኝ ጎረቤት «አቤት!» የሚልላት ነበረች። ልቅሶዬ እንዳይመጣ ቶሎ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ገሽጣ እያስበላችኝ ስላይዶቹን አየች። «ይሄ መጽሐፉ አይደለም እንዴ?» አለች።

«አንድም ቃል አልቀረም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ማክሰኞ ማገናኛ ፍለጋ ታይዋን ገበያ ወጣን፤ የላፕቶፔ ገመድ ከትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ጋር አልገጥም ብሎ ነበር። ሻጩ የማገናኛዋን ዋጋ ሲጠራ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሮማን ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በሶማልኛ ሁለት ቃል ጣል አደረገችለት። ዋጋው በግማሽ ወረደ። ያኔ ልብ ልል ይገባኝ ነበር፤ ይህቺን ትንሽ ድምፅ ለመስማት ሰውዬው ራሱ ጎንበስ ብሎላታል።

ረቡዕ፣ ልምምድ

ጠዋት ከሌላ ምድብ ተማሪዎች ጋር ሞከርነው። ስላይዱ እንዲታይ መስኮቶቹን ዘግተን አንሶላ ጋረድንባቸው፤ ክፍሉ ወዲያው እንደ ዳቦ ቤት ሞቀ። የመጀመሪያው ስላይድ እየተሽከረከረ ወጣ፣ ጭብጨባውም ተሰማ፣ ልጆቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ደብተር ሁሉ ተከፈተ፣ አንገት ሁሉ ተደፋ።

ሮማን መናገር ጀመረች። አንድም ልጅ ቀና አላለም። ወደ ሁለተኛው ስላይድ ሳልፍ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

«ቲቸር፣ አትቀይሪው!»

«አቦ ቲቸር፣ አልጨረስንም! መልሺው!»

መለስኩት። የጻፉት አሳለፉኝ፣ ያልጻፉት አስመለሱኝ። ደንግጬ በየወንበሩ መካከል ዞርኩ። ፈቲያ የምትባል ባለሻርፕ ልጅ ከጽሑፉ አልፋ በዳር በኩል ያደረግሁትን የአበባ ሐረግ በጥንቃቄ እየሣለች ነው።

«አበባውን ለምን ትሥያለሽ?» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ደብተር ይታረማል እኮ። የጎደለ ካለ ማርክ ይቀነሳል።»

እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ የማስተምረውም እንዲሁ ነው። እኛ አገር ሰሌዳ ላይ የወጣ ነገር ይገለበጣል፣ መገልበጡ ይታረማል፣ መስማቱን የሚያርም የለም። እኔ ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ ግድግዳ ላይ ሰቅዬባቸው ነው ስሟት የምለው።

በሩ አጠገብ ወዳለው ላፕቶፕ ስሮጥ ክርኔ አንድ ቁልፍ ነካና ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ላይ ቀና አሉ። ሮማን የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ጥርት አድርጌ ሰማኋት። ግን ተበላሸ ብዬ ስለደነገጥኩ ቶሎ መለስኩት። አንገቶቹ ተመልሰው ተደፉ። ደወሉ ሲደወል ገና ሦስተኛው ስላይድ ላይ ነበርን።

ክፍሉ ሲወጣ ሮማን ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ድምፅ ልትሰጠኝ ነበር የመጣኸው» አለች፤ «የቀረችኝንም ወሰድክብኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እኛ ግን በረንዳ ላይ ቀዝቃዛ፣ ኮምጠጥ ያለ የሁመር ጭማቂ ይዘን ተፋጠጥን። ሮማን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፦

«ስክሪኑ ሲጠቁር ምን ነክተህ ነው?» አለች።

«ምንም! የእንግሊዝኛዋን የቢ ፊደል ነው። ስላይድ በሚታይበት ሰዓት እሷን ከተጫንክ ይጠቁራል፣ ድጋሚ ስትጫን ይመለሳል። አልጠቀምባትም።»

«ነገ እጠቀምባታለሁ። ጽሑፉን በሙሉ አጥፋው።»

«በሙሉ?»

«ጭብጨባውንም።»

ከሥጋዬ እየቆረጥኩ የምሰጥ ያህል አንገበገበኝ። አጠፋሁት። ፀሐይ በረድ ሲል ደቻቱ ወረድን፤ ውሃ የሌለው ያ ሰፊ ወንዝ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። አሸዋው ላይ ፍየል ይነዳል፣ ሰው ይሻገራል። ፎቶ አነሣን፤ ከዚያ መጋላ ገበያ ዘልቀን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጊያ በላን። ሮማን በወረቀት እየጠቀለለች የሰጠችኝን ሁሉ ጣዕሙ ሳይታወቀኝ በላሁ። ነገ ቤተ መጻሕፍት የምትገባው እሷ ናት፣ እኔማ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ አቶ አብዲ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈትኩ፦ የደረቀው ደቻቱ ፎቶ፣ አንድም ፊደል የለበትም። በዚህ ምድብ ያሉትም ልጆች ብዕር አንሥተው ጠበቁ። የሚገለበጥ ጠፋ። ከዚያ ክፍሉ ፈነዳ።

«ላጋ ነው!» አለ አንዱ በኦሮምኛ።

«ቶግ!» አለች ሌላዋ በሶማልኛ፤ ሁለቱም ወንዙን ነው የሚሉት።

«በዚህ ጋ እኮ ነው የኛ ቤት፣ ወላሂ!»

ሁሉም እያወሩ ነው። ሮማን ዝም ብላ ቆማለች። አቶ አብዲ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁና አለቀልን አልኩ። ሮማን በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ቁልፏን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጫጫታው ቀስ እያለ ወደቀ፤ የሚያዩት ከእሷ በቀር ምንም አልነበረም። ምን ልትል ነው ብለው ከወገባቸው ወደ ፊት ዘመም አሉ። እሷም በዚያች ቀጭን ድምጿ፦

«ይህ አሸዋ ድሮ የማን ማሳ ነበር?» አለች።

ኋላ ያሉት ያልሰማ ጓደኛቸውን በኦሮምኛና በሶማልኛ በሹክሹክታ አሰሙት። ጥያቄው ከወንበር ወንበር ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልኩት፤ አቶ አብዲ አጠገብ ሲደርስ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ደንገጎ በታች አያቱ ማሳ እንዳላቸው ተናገረ። ከዚያ ቆም አለና፦

«ቲቸር፣ አያቴ በየክረምቱ አፈሬ ይሄድብኛል እያለ ያለቅሳል። የሚሄደው... እዚህ ነው እንዴ?»

ሁለተኛውን ስላይድ ከፈትኩ፤ ከአውቶቡስ ያነሣሁት የደንገጎ ተዳፋት ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን የሠሩት እሷና ልጆቹ ናቸው። የኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆነ።

ደወሉ ሲደወል አቶ አብዲ ከወንበራቸው አልተነሡም። ተማሪዎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቁ።

«ሮማን፣ አልደብቅሽም» አሉ፤ «ዛሬ የገባሁት ከማስተማር ላሰናብትሽ ነበር።»

ሮማን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እዚህ ሆኜ ሰማሁሽ። ክፍልሽ ያንቺ ነው። ያቺን የምታጠቁረውን ቁልፍ ለሌሎቹ መምህራንም አሳዪ፤ ጩኸታቸው ቢሮዬ ድረስ ነው የሚመጣው።»

ሮማን ሳቀች። ሳቋ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋም አብሮ ወረደ።

ቤቴ

ዓርብ ደንገጎን ሽቅብ ስወጣ ላፕቶፔን አልከፈትኩም። እነዚያን ማሳዎች እያየሁ ሄድኩ።

ሰኞ አዲስ አበባ ክፍሌ ገባሁ። የድሮው ስላይዴ እየተሽከረከረ ወጣ፣ አንገቶች ተደፉ። ስንት ዓመት እንዲህ ሳያዩኝ ኖሩ? የቢ ፊደልን ተጫንኩ።

«ቲቸር፣ መብራት ጠፋ!» አሉ።

«አልጠፋም።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ጉሮሮዬ ጤነኛ ነው፣ ድምፄ እስከ ግቢው በር ይሰማል፤ ግን ከግድግዳው ላይ የማነበው ሲጠፋ የምለው ጠፋኝ። ብዕራቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ።

«ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ነበርኩ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ኋላ ወንበር ያሉት ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ፊት ተጠጉ።