ከሆድ የመጣ ፉጨት

ለተጊዮርጊስ ለባና ብርድ ልብስ የምትፈትለው የበግ ጠጉር ቀጭንና እኩል ስለሆነ የአንኮበር ሸማኔዎች ይሻሙባት ነበር። ምን ያደርጋል፣ እጇ እንዲያ የተባረከ ሴት አንድ ጉርሻ በዋጠች ቁጥር ጨጓራዋ ላይ እሳት ይነሣባት ነበር። ከስታ ከስታ ቀሚሷ ሰፋት።

በ1957 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ ደብረ ብርሃን የመጣ የውጭ አገር ሐኪም አያት። የምትዋጥ ፍሬ ነበረችው፤ ባቄላ ታህላለች፣ ውስጧ ትንሽ ሬድዮ አለ። ጨጓራ ውስጥ ሆና ታፏጫለች፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው መቀበያ ይሰማታል። አሲድ ሲበዛ ፉጨቷ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል። አሲድ ከተገኘ ሕመሙ ቁስለት ነውና በመድኃኒት ይሞከራል፤ ከጠፋ ግን ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ሆዷ ይከፈታል። ይህን ያስረዳት የሐኪሙ አስተርጓሚ፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰር ገብረአብ ነው። ለተጊዮርጊስ ከሁሉ ይልቅ የፈራችው ቢላዋውን ነበር።

ልታስታምማት ደብረ ብርሃን ካረፈችበት ቤት የመጣችው የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ወዳጇ አፊፋ ግን ቀለደችባት። “እንግዲህ ሐሜትሽን ሁሉ አዲስ አበባ ሊሰማው ነው” አለቻት።

ሐኪሙ ምግብ ሳትቀምሺ ነይ ብሏታል። ለተጊዮርጊስ ደግሞ ከትልቅ መድኃኒት በፊት ኮሶ ጠጥቶ ሆድን መጥረግን ከእናቷ ነው የተማረችው። ጎህ ሲቀድ አንድ ዋንጫ ጨልጣ፣ ለማንም ሳትናገር ሄደች።

ፍሬይቱን ዋጠች፤ መቀበያው አፏጨ። ሐኪሙ ገና ፈገግ እንዳለ ኮሶው ተነሣባትና አስመለሳት። ፍሬይቱም ሳህኑ ላይ ወደቀች፤ እዚያም ሆና ታፏጫለች። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ምን እንደ ጠጣች አስጠየቃት። ከእሷ ቀድማ አፊፋ ሽታውን ለይታ ኮሶ መሆኑን ተናገረች።

ሐኪሙ ሌላ ፍሬ አልነበረውም። ባትሪዋን ለውጦ ሊሞክር ይችላል፤ ዳግመኛ ትሠራ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

“ልጄ፣ በእኔ ጥፋት ቢላዋ እንዳያነሣብኝ ንገረው” አለችው ገብረአብን። “አጥባችሁ ስጡኝ፣ እውጣታለሁ።”

“እትዬ፣ ከየት እንደ ወጣች እያዩ?”

“ከራሴ ሆድ አይደል? ከባዳ ሆድ መች ወጣች።”

ገብረአብ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ መጥታ ዋጠቻት። መቀበያው ጸጥ አለ። አፊፋ በከንፈሯ ቢስሚላህ ትላለች። ሐኪሙ የመቀበያውን ቁልፍ ቀስ ብሎ ሲያዞር ቀጭን ፉጨት መጣ። አሲድ የሚያበርድ ሶዳ በውሃ በጥብጦ አጠጣት፤ ፉጨቱ ወፈረ። ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ እየሳሳ፣ እየሳሳ ተመልሶ ቀጠነ። ደግሞ አጠጣት፤ አሁንም ቀጠነ፣ ያውም ቶሎ።

ገብረአብ ሐኪሙ ተናግሮ እስኪጨርስ አልጠበቀም። “አሲዱ አለ፣ እንዲያውም በዝቷል። ቁስለት ነው፣ እትዬ። መድኃኒቱን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ።”

ቃጠሎው የዚያን ዕለት አልለቀቃትም። ግን ምን እንደሆነ አውቃዋለችና መብላት አላስፈራትም። አፊፋ ያመጣችላትን አጥሚት እስከ አተላው ጠጥታ ኩባያውን መልሳ ዘረጋችላት። አፊፋም ደግማ ሞላችላት።