የልጅ ልጄ ዱቄትና የአዳራሹ ምስጋና

እኔ በቁጣ አልታወቅም። እግሬ አያርፍም እንጂ አፌስ ለስላሳ ነው፤ ጠዋት ኢስትሊ፣ ከሰዓት ሁርሊንግሃም፣ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ካገኘሁት ሁሉ ጋር ስስቅ እውላለሁ። ያን እሑድ ግን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

የልጅ ልጄ ፓርክላንድስ ባለ ላብራቶሪ ትሠራለች። ከላምም ከባቄላም ያልመጣ ፕሮቲን ኮምፒውተር ላይ ትነድፋለች፤ እርሾ ያንኑ እንዲያመርትላት ታደርጋለች፤ እሱ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። እንደኔ ሥጋው ለሚያልቅ አሮጊትና ሽማግሌ መጠገኛ ነው። እንደማይጎዳ ቀድሞ ተፈትኗል፤ የቀረው ጣዕሙ ነበር።

"ሾሾ" አለችኝ፣ እዚህ አገር አያት እንደሚጠራው፣ "ሰኞ አለቃዬ ይወስናል። ጥሩ ነው ከተባለ አቅመ ደካሞች ለወራት በየቀኑ ይጠጡታል። አስጠልቷቸው ካቋረጡ ሥራዬ ሁሉ ተጣለ ማለት ነው። አሁን ከምእመናኑ ጋር ቀምሳችሁ እውነቱን ብትነግሩኝ ግን አስተካክለዋለሁ።"

ከአምልኮ በኋላ ጆግ ውስጥ በውሃ በጥብጣ ለሁላችን ቀዳች። ቀመስኩ። አፍ ላይ ምንም አይል፤ ጉዱ ሲዋጥ ነው፤ የዛገ ሚስማር የመጠጥኩ መሰለኝ። ቀና ስል የሁሉም ፊት ተጨማዷል። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ፈገግ!

"እንዴት ነው?" አለች ልጅቷ።

"ግሩም ነው የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!" አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

"ሲጥም በጌታ!"

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው ታላቄ፣ እንዲህ ብለው ሲያበቁ የቀረውን አጠገባቸው ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደፉት። ልጅቷ ፊቷ በርቶ ምስጋናውን ታብሌቷ ላይ ትመዘግባለች።

"ምነው እትዬ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ልጃችንን በሰው ፊት ላሳፍራት?"

ይሉኝታ! ያሳደግናት ልጅ እውነት ስትለምነን እንደ ሰርግ ቤት ወጥ እናሞግስላት? ነገ የማናውቀው ሽማግሌ ሲተፋው የሚያፍረው ማን ነው? እሷ አይደለችም?

ተነሣሁ። ጆጉን ይዤ እትዬ ፊት ቆምኩ።

"ከጣመዎት ይድገሙ።"

"ኧረ በቃኝ!"

"አፈር ስሆን!"

"ኧረ ተይኝ አንቺ ሴት!"

ፊት ወንበር ወዳሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ዞርኩ። "ጋሼ፣ ግሩም አላሉም? አንድ ጊዜ፣ በሞቴ!"

ኩባያቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። አዳራሹን ዞርኩት፤ በሞቴ እያልኩ አንድ ኩባያ እንኳ አልተዘረጋልኝም።

"ሾሾ፣ ፕሊስ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" ልጅቷ በእፍረት ቀላች።

"የተዘረጋ ኩባያ ታያለሽ? እስቲ እዪ!"

አየች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሲዋጥ ብረት ብረት ይላል።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው!

"ምላስ አይለቅም!"

"እኔንማ አቅለሸለሸኝ!"

እሷ እንባዋ እንዳቀረረ "ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ውሃ ሲጠጡበት ይለቃል?" እያለች እያንዳንዱን ጠየቀች። የቀደመውን ምስጋና በሙሉ አጠፋችው። ከዚያ በሩ ላይ ሆና ለአለቃዋ ደወለች። "ኖት ዬት፣ ኖት ዬት" ስትል ሰማሁ፤ ገና ነው ማለቷ ነው፤ ያቺን ታህል እንግሊዝኛ አለችኝ።

እትዬ ክንዴን ያዙኝ። "አስለቀስሻት እኮ! ቤት ስትገቡ ቀስ ብለሽ ብትነግሪያትስ?"

"የሁላችሁን 'ግሩም' ትታ የእኔን የአንዲቷን ታምናለች?"

ልጅቷ ዓይኗን ጠራርጋ ተመለሰች። "እንደገና እነድፈዋለሁ" አለች።

"አይዞሽ የኔ ልጅ" ጀመሩ እትዬ፣ "ያን ያህል እኮ መጥፎ..."

ጆጉን ወደ ኩባያቸው አዘነበልኩ። ወዲያው ኩባያውን ከጀርባቸው ደበቁ።