ከካቦው ቤት ሥር ያለው ማሽላ

አጣዬ፣ ጎህ ሲቀድ

ጣልያን ባስጠረገው መንገድ ድንጋይ በሚያመላልስ ካሚዮን ላይ ተሳፍሬያለሁ። ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ እትዬ ዘሃራ፣ «ካቦው የዓመት ቀለቤን በሲሚንቶ ሊደፍነው ነው፤ ድረሺልኝ» ብላ ልካብኛለች። ካቦ የምንለው የመንገድ ሥራውን አለቃ፣ ጣልያኑን ነው። የድንጋይ ቤቱን የሠራው አሮጌው አውድማ ላይ ነው፤ የአውድማው ሆድ ደግሞ የማሽላ ጉድጓድ ብቻ ነው። ይህን የነገረው ሰው የለም። በዚህ ዘመን ጉድጓዱን ያሳየ፣ እህሉን አስረከበ ማለት ነው።

ጀውሃ ወንዝ፣ ረፋድ

ሾፌሩ ሞተሩን ውሃ እያጠጣ ነው።

«ቤቱ ዛሬም እየሰመጠ ነው?» አልኩት።

«ዝናብ በጣለ ቁጥር ይሰግዳል» አለና ሳቀ። «አሁን ካቦው መሬቱን እየበሳ በቧንቧ የሲሚንቶ ሙቅ ያጠጣዋል፤ ሥሩ እንዲጠነክር። መሬቱ ግን ጠጥቶ አይጠግብም።»

ሸዋ ሮቢት፣ ቀትር

ጥላ እንኳ የሚያልበው ሰዓት። ቤቱ አንድ ትከሻውን ወደ አክስቴ ጉድጓድ ጥሏል። በሌላኛው ማዕዘን የገባው ሲሚንቶ የጎረቤት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ድምጥማጡ ጠፍቶ፣ ካቦው ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ነገ ተረኛው የአክስቴ ማዕዘን ነው።

አክስቴ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ጌቶች፣ ዱዓ ሳይደረግለት ይህ መሬት አይረጋም» አለችው። የቸገረው ሰው ነውና እስኪመሽ ፈቀደ።

ሽማግሎቹ ጫታቸውን ይዘው የጉድጓዱን አፍ ከበቡ። የታፈነው መጥፎ አየር ወጥቶ ጉድጓዱ እስኪተነፍስ ጠብቀን አጎቴ ወረደ። «አሚን!» በተባለ ቁጥር ማሽላ በቅል ያቀብላል፤ ባዶ ገንቦ ይገባል፣ ሙሉ ገንቦ ይወጣል።

«አክስቴ፣ አንዱ ገንቦ እንኳ ውሃ ይኑረው» ብዬ ማሽላው በተገለበጠበት ገንቦ ከወንዝ ቀዳሁ።

«አንቺ ለውሸትም ሚዛን ታበጂለታለሽ!» አለችኝ።

ካቦው መጣ። «ምንድን ነው የምትሸከሙት?»

«ዱዓ የተደረገበት ውሃ ነው ጌቶች። ለበሽተኛ» አለችው አክስቴ።

ወባ ይዞት ኖሮ ኩባያውን ዘረጋ። አሚን የሚል ጠፋ። የእኔን ገንቦ አቀረብኩለት። ጠጣና አፍንጫውን ያዘ፤ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ አያውቅም።

«ዱዓችሁ ለምን ይሸታል?»

«ብርቱ ስለሆነ ነው» አለች አክስቴ።

ማግስቱን ሲሚንቶው ባዶ የቀረውን የአክስቴን ጉድጓድ እስከ አንገቱ ሞላው። ካቦው የግድግዳው ስንጥቅ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ይቀደዳል። እስክሰናበት ድረስ አልተቀደደም። የሽማግሎቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ሲሚንቶውን ያመሰገነ የለም።

ካሚዮኑ ሲነሳ አስተርጓሚውን አስከትሎ ሮጠ፦ «አጣዬ ያለው መጋዘኔም እየሰመጠ ነው። የአገርሽ ሽማግሎች እዚያም ዱዓ ያድርጉልኝ በያቸው!»

አጣዬ፣ አመሻሽ

ጎረቤቶቼ ሳልወርድ ከበቡኝ።

«መጋዘኑ ሥር ያለው የማን ጉድጓድ ነው?» አልኳቸው።

ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«ግድ የለም። ገንቦ ሰብስቡ፤ አንዱን ግን ውሃ ሙሉት።»