የልጄ ፍርግርግ

የባሌ ወንድም ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ በስደት የምኖርበት ሰፈር ካትሌሆንግ ያለው ሱቄ መጣ። ሱቁን ከሌባ ከሚከልለው የብረት ፍርግርግ ወጥቼ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። "ልጅሽን ሄደሽ አምጫት" አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በእኛ ጉዳይ መወሰን ያምረዋል። እዚሁ አጠገባችን ቶኮዛ ሱቅ ያለው ጨዋ ልጅ ታይቶላታል አሉኝ። የእኔ ልጅ ደግሞ ህንድ ውቅያኖስ ላይ፣ እሳተ ገሞራ በፈጠራት ደሴት፣ ጫካ ውስጥ ካለ የምርምር ጣቢያ ተቀምጣ ዛፍ ታጠናለች። ኮሮና ሲመጣ ሌሎቹ ተመራማሪዎች ወደየአገራቸው ተሳፈሩ፤ እሷ አልሄድም ብላ ቀረች። ለዚህም የተወቀስኩት እኔ ነኝ።

ወቀሳቸው ቢያናድደኝም ልጄ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። በደወልኩ ቁጥር ከድምጿ ይልቅ የሚሰማኝ ዝናቡ ነው። በረራው ሲከፈት አፍንጫዬን ተመርምሬ ሄድኩ። በነጠላዬ ጫፍ የጎመን ዘር ቋጥሬያለሁ። ልመልሳት እየሄድኩ የሚዘራ ነገር መያዜ ምን እንደሚባል እንጃ፤ ብቻ የእኛ አገር ሴት ባዶ እጇን ልጇን ልትጠይቅ አትሄድም።

ጣቢያው በር ላይ ልጄ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ብሩሽ ይዛ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ልስማት ስጠጋ "ቆይ እማ፣ መጀመሪያ ጫማሽን" አለችኝ። ተንበርክካ ሶሌን ፈገፈገችው፤ ኪሴን ገለበጠች፤ ሻንጣዬን በረበረች። ቋጠሮዬ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄስ?"

"ጎመን ነዋ።"

ፈታችና የፈላ ውሃ ደፋችበት። ከውጭ የመጣ ዘር እዚህ ከተስፋፋ የደሴቱን ተክል ሊያጠፋ ይችላል አለችኝ። ደሜ ፈላ።

"በዚህ ጎመን ነው ያሳደግኩሽ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ተጨንቄ ብመጣ እንደ ሌባ ትፈትሺኛለሽ? በይ ዕቃሽን ሸክፊ፤ አብረን እንሄዳለን።"

እጄን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። መረብ ስር ከቁርጭምጭሚት የማይበልጡ ችግኞች ተደርድረዋል። እናት ዛፎቻቸው የቀሩት ከተራራው ወገብ ላይ፣ የእሳተ ገሞራው እሳት ካልነካት ቁራጭ ጫካ ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሲሄድ ከአንድ ዘበኛ ጋር ቀርታ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይበላቸው በእጇ እየለቀመች ያቆየቻቸው እነሱን ነው።

"ለችግኝ ብለሽ ነው እናትሽን እንዲህ ያደረግሽው?" አልኳት።

"ዘራፊዎቹ ሲመጡ አንቺ ከሱቁ ወጣሽ?"

አልወጣሁም። የስደተኛ ሱቅ እየሰበረ የመጣው ዝርፊያ ሰፈራችን የደረሰ ጊዜ ጎረቤቶቼ መሀል ከተማ፣ ዱርንፎንቴን ዘመድ ጋ ሸሹ። እኔ ፍርግርጉን ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። የባሌ ወንድም ውጪ እያለ በስልክ ጮኾ ጮኾ ደከመው። ፈርቼ ነበር፣ እንዴት አልፈራም? ግን ሱቁ የእኔ ነው።

"ከዚያ ፍርግርግ ወዲያ አጎቴን እንኳ አስገብተሽ አታውቂም" አለች ልጄ። "የእኔ ፍርግርግ ይሄ ነው፣ እማ።"

ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ። በማን ወጣች ልበል? የቀረውን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ቀንድ አውጣ ለቀምኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ለቀምኩ። ስንለያይ ሁለታችንም አለቀስን፤ ሸክፊ ግን ዳግመኛ አላልኳትም።

ተመልሼ ሱቄን በከፈትኩ ዕለት ሦስቱም መጡ። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደዋል።

"ልጅቷስ?" አለ የባሌ ወንድም።

"ሥራ ላይ ናት።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ስትፈልግ።"

"ለቶኮዛው ልጅ ቃል ሰጥተን የለም እንዴ? ሰው ምን ይለናል?"

"ቃሉን የሰጣችሁት እናንተ፤ እናንተው መልሱት።"

የፍርግርጉን ጓጉንቸር ነቀነቀው። "ውጪና ቁጭ ብለን እንነጋገር" አለኝ። ሽማግሌን አቁሞ ማነጋገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይሄ ይጠፋኛል? ሣጥኖቹም እግሬ ስር ነበሩ። በፍርግርጉ ትንሽ መስኮት ሦስት ለስላሳ አቀበልኳቸውና፣ ከራሳቸው በላይ የተለጠፈውን ርቀትዎን ይጠብቁ የሚል ወረቀት አሳየኋቸው።

"ከዚያው ሆናችሁ ተናገሩ፤ ይሰማኛል" አልኳቸው።

ቁልፉ ኪሴ ነበር። አላወጣሁትም።