ያልተቆረጠው የሙዝ እንቡጥ

ጠዋት ጎመን ስከትፍ ቢላዋው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ባለቤቴን ታደለን ልጠራ አፌን ብከፍት ምላሴ ተሳሰረ። ከንፈሬ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ታደለ አየኝና “ምች ነው የመታሽ!” ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ጨመቀልኝ። እኔም አመንኩት። እስከ ቀትር ተኛሁ።

አልሻል ሲለኝ ሆስፒታል ወሰደኝና ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ “ስትሮክ ነው፤ የደም ግፊቷም ከፍተኛ ነው። ምነው በጠዋት ብታመጧት?” አሉ። ታደለ አቀረቀረ። ቀኝ እጄ አልጋው ላይ ተዘርግቷል። የሰው እጅ መሰለኝ።

ንግግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እጄ ግን እምቢ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ “ደጋግመሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ካላሠራሽው እንደዚሁ ይቀራል” አለችኝ። እኔ እቴ! ሴቻ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ አኩርፌ እውል ጀመር።

ፊት ለፊቴ ሙዛችን ዘለላ ጥሏል። እኛ ጋ ሙዝ የሚያለማ ሰው ፍሬው ሲይዝ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ እንቡጥ ይቆርጠዋል፤ ፍሬው እንዲወፍር ነው። ታደለ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ነገር ግን አውራ ጣት የምታክል፣ ላባዋ የሚያብረቀርቅ ወፍ ቆልማማ መንቁሯን ሰክታ የአበባውን ማር ስትመጥ ፈገግ ማለቴን አየና እንቡጡን ተወው።

ከዚያ ወዲህ ወፏ በመጣች ቁጥር “የታለች? በቀኝ እጅሽ አሳዪኝ” ይለኛል። ጣቴን ባንቀሳቅስ “አላየኋትም”፤ ክንዴን ትንሽ ባነሳ “ከፍ አድርጊው እስቲ”። “ሂድና ዓይንህን ታከም!” እያልኩ፣ በንዴት ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ደግሞ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ክንዴ ትከሻዬን ያለፈ ዕለት “አየኋት!” ብሎ አለቀሰ። ለካ ከመጀመሪያውም ያያት ነበር። ተንኮለኛ! እንዴት እንደምወደው!

እህት ወንድሞቼ፣ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ዳማከሴ አትፈልጉ፤ ሆስፒታል ሩጡ። የግፊት ኪኒናችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ያከሙኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌላው ሙዝ ዘለላ ጣለ። ታደለ ቢላዋ በቀኝ እጄ አስያዘኝና “በይ ድነሻል፤ ይኼንን እንኳ እንቁረጠው” አለኝ። ቢላዋው አልወደቀም። ቀና ብል ወፏ እንቡጡ ላይ ናት።

“የአስታማሚዬን አበባ?” አልኩትና ጎመኔን ልከትፍ ገባሁ።