ከኋላ የሚፈስ ደም

ፖሊሶች የያዙኝ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በማስተምርበት የጤና ኮሌጅ በር ላይ፣ ከእናቴ ጋር በትግርኛ ስልክ ሳወራ ነው። የዚያን ቀን ያስተማርኩት ስለ አፍንጫ ነበር፤ ጣቶቼ ላይ የማርከር ቀለም አለ። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቅ አንዱ «አፍንጫህን ላስ» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

እንደኔ ከተያዙ ሰዎች ጋር ያስገቡኝ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ያለ አሮጌ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። እግር በእግር ተደራርበን እንተኛለን፤ ሰው በተነሳ ቁጥር አቧራው አብሮ ይነሳል። የሁላችንም አፍንጫ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ሾላ ገበያ ቅመም ሻጭ ነበሩ። «ልጄን ያሳደገው ይሄ አፍንጫ ነው» ይላሉ፤ ኮረሪማ አሽትተው የየት አገር እንደሆነ ያውቁ ነበር። የደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ሲገቡ ወስደውባቸዋል። ልጃቸው በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። ከእሷ ጋር አያገናኟቸውም፤ ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ያስገባል፣ ባዶውን ይመልሳል። ክዳኑ ሰማያዊ ነው፣ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። «ባዶው ታጥቦ ሲደርሳት፣ አባቴ ደህና ነው ትላለች» ይሉናል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነሰራቸው። ሰዎቹ «ቀና ይበሉ አባባ» እያሉ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉት፤ የመጠጥ ውሃችንን አናታቸው ላይ አፈሰሱ። እኔ ጎንበስ አድርጌያቸው የአፍንጫቸውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣቴ ጨምቄ ያዝኩ። አብዛኛው ነስር የሚመጣው እዚያው ፊት ለፊት ካለው ስስ ግድግዳ ነው፤ በዚህ ይቆማል። እጄ እስኪዝል ያዝኩ። ስለቀው ደም የለም። ሰዎቹ ተመስገን አሉ።

እኔ ግን ጉሮሯቸውን አየሁ። ይውጣሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይውጣሉ። አፍንጫ ከፊት ከምናያቸው ሌላ፣ ከኋላ ወደ ጉሮሮ የሚከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ ደሙ የሚወርደው በእነሱ ነበር። እዚያ ጣት አይደርስም። እንደዚያ ቀን ማወቄን ጠልቼ አላውቅም።

በሩን ደበደብኩ። ወጣቱ ጠባቂ ከፍቶ በስልኩ መብራት ፊታቸውን አየ።

«ቆመላቸው እኮ» አለ።

«ከውስጥ እየፈሰሰ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።»

«ለአለቃዬ ምን ልበል? የማይታይ ደም አለ ልበለው?»

ዘጋው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያላየውን ማመን አቃተው።

«አባባ፣ አይዋጡት። ይትፉትና ጠባቂው ይየው» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ሰው በሚበላበት፣ በሚተኛበት? ነውር ነው ልጄ።»

ሸሚዜን አውልቄ ዘረጋሁ። «በሰው ልብስ?» አሉ። ታጥቦ የተቀመጠውን ባዶ ምሳ ዕቃቸውን ከፍቼ አቀረብኩላቸው። ቀስ ብለው መልሰው ከደኑት።

«ይሄ ወደ ልጄ ነው የሚሄደው» አሉና ዋጡ።

ለመንኳቸው። ተቆጣኋቸውም። ስምንት ሰዓት ግድም የዋጡት ሁሉ ባንዴ ወጣ፤ ያን ጊዜ ጠባቂውም አየ። በብርድ ልብስ ተሸክመው ሲያወጧቸው «ወለሉን አበላሸሁባችሁ» አሉ።

በማግስቱ ያው ጠባቂ ምሳቸውን ይዞ ገባ።

«አባባስ?» አልነው።

መሬት መሬት አየ። «አርፈዋል።»

«ለልጃቸው ተነግሯታል?»

«እንዳይነገራት ተብሏል።»

ምሳ ዕቃው ገና ይሞቃል። ተርበን ነበር፤ ጠያቂ የሌለው ብዙ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ክዳኑን የከፈተ ግን የለም። እንደመጣ፣ በፌስታሉ እንደታሰረ፣ ለጠባቂው መለስንለት። ትንሽ ቆሞ አየንና ይዞት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ አልመጣም።

ከተፈታሁ በኋላ፣ ዛሬም አፍንጫ አስተምራለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ደሙ ከውጭ ካልታየ በምን እናውቃለን?» አለችኝ። «ሲውጥ ታያላችሁ» አልኳትና ተማሪዎቹን ቀደም ብዬ ለቀቅኋቸው።

ሾላ ስሄድ በቅመም ተራ አላልፍም። የአዛውንቱን ልጅ መልኳን አይቼ አላውቅም። ምሳ ዕቃዋን ግን ባየው አውቀዋለሁ።