ደህና ያደሩ ስልሳ ሰዎች

አንዱን ባልደረባችንን መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጠርጣሪው» ነበር የምንለው። ስልክ ቁጥርህን ብትሰጠው እዚያው ፊትህ ደውሎ ያረጋግጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ወረቀት ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፏል። ሰባት ዓመት አጠገቡ ስቀመጥ በዚያ ወረቀት ስቀልድበት ኖሬያለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል።

ሥራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን መጠየቅ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰርቨራችን ለስልሳ ሰው «እንዴት አደሩ?» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱን የሚያደርሰው፣ መልሱንም የሚያመጣልን የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። ያልመለሰ ሰው ቤት ነርሳችን ትሄዳለች። ከስልሳዎቹ አንዷ ጠርጣሪውን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው።

ኮዳችን የተጻፈው ጎ በሚባለው ቋንቋ ነው። ኮዱን በፈተሽን ቁጥር የሰው ሰርቨር መነካካት አይሆንም፤ ሲፈልግ ይዘጋል፣ ሲፈልግ ይዘገያል፣ ደግሞስ ለሙከራ ተብሎ አዛውንት ከእንቅልፍ ይቀሰቀሳል? ስለዚህ ጠርጣሪው አስመሳይ ሠራ። መልእክት ሲሰጡት የትም ሳይልክ መልስ የሚፈጥር ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ጎ ደግሞ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ መላክና መመለስ ከቻለ በእውነተኛው ሰርቨር ቦታ ያስገባዋል። የሚመልሰውን ቃል ከአክስቱ ወሰደ፤ «ደህና አድሬያለሁ፣ አንተስ?»

ስንፍናችን የገባው እዚህ ላይ ነው። ወደዚያ ድርጅት ሰርቨር የሚያስገባው የይለፍ ቃል ከሌለ ኮዱ በራሱ ወደ አስመሳዩ እንዲዞር አደረገ፤ በየኮምፒውተራችን ስንሠራ እንዲመቸን ብሎ። አይቼ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ወደ አዲስ ሰርቨር ስንዛወር የይለፍ ቃሉን ማስገባት ረሳን። የኮዱ ፈተና ሁሉ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልሳዎቹም አንድ ሳይቀሩ በሰከንድ ይመልሱ ጀመር፤ አለቃችንም ደስ አለው።

ጠርጣሪው ድሮ በየጠዋቱ አክስቱ ጋ ይደውል ነበር። መልሳቸው በቀጥታ ስልኩ ላይ እንዲደርሰው ካደረገ ወዲህ ግን ተወው። «ደህና ናት» ይለኛል እያሳየኝ።

በዘጠነኛው ቀን ነርሷ ሥራ ሳይጀመር መጣች።

«ከስልሳዎቹ አንዱ፣ አናጺው ሽማግሌ፣ ቤታቸው ሞተው ተገኙ» አለች። «ሐኪሙ አራት ቀን ሆኗቸዋል ነው የሚለው።»

«ትናንት መልሰዋል እኮ» አልኳት።

«እኔ የማየው ያልመለሱትን ብቻ ነበር። ዛሬ መልሶቹን ከፈትኳቸው።» ስልኳን ዘረጋችልን። «እኚህ ሰውዬ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚቆጥቡ ነበሩ። ሞተው ‹አንተስ?› የሚሉት ማንን ነው?»

ዝርዝሩን ወደ ታች ሳብኩት። ስልሳ ሰው፣ ስምንት ጠዋት፣ አንድ ዓይነት ቃል። ሲመልስልን የከረመው አስመሳዩ ነበር። ጠርጣሪው አላነበበውም፤ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። በእኔ መኪና ሄድን። መንገዱን ሙሉ አክስቱ ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም።

በትርፍ ቁልፉ ከፈተ። አክስቱ አልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ ነበሩ፤ ጉንጫቸው ሲሚንቶው ላይ፣ ዓይናቸው ተገልጦ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ፣ እጃቸው ከማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ከትናንት ወዲያ ነው የወደቅኩት» አሉ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ካልመለስሽ ሰው ይመጣል ብለኸኝ ነበር። እሱን ስጠብቅ ነው።»

ራሳቸውን ደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አምቡላንስ እየጠራሁ የመልእክቱ ሰዓት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሞላ። ሰርቨሩን ማጥፋት ማናችንም ትዝ አላለንም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ሊያጠፋ አወጣው። የአክስቱ ስም መጣ፣ ከሥሩም «ደህና አድሬያለሁ፣ አንተስ?»

አክስቱ ከወለሉ ቀና ብለው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ የእሱን ፊት አዩ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉት።